ፕሬዚዳንቱ ያየው እጅ

ሰቆጣ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈውን ወርቅአገኘሁን በስሙ የሚጠራው የለም። «ፕሬዚዳንቱ» ነው የሚሉት። ሰው ሲያሾፍበት ነው፤ እሱ ግን እቴ፣ ሹመት የተሰጠው ይመስል ቀና ብሎ «አቤት!» ይላል። ስሙን ያተረፈለት ልጅ ሳለ አንድ የሰላም ጓድ መምህር ትቶለት የሄደ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ነው፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ሕይወትና ንግግር። መዝገበ ቃላት እያገላበጠ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንብቦታል። የቤት ጣሪያ አፈሰሰብኝ ብላ ልታጽፍ የመጣች ባልቴት እንኳ ሊንከን እንጨት ፈላጭ እንደነበረ ሳትወድ በግድ ሰምታ ነው የምትሄደው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ወርቅአገኘሁን የያዘው ንግግራቸው ብቻ አልነበረም። አሟሟታቸው ነው። በጥይት የሞቱትን አራቱን የት የት እንደተመቱ አንድ በአንድ ያውቃል፤ ቴአትር ቤቱን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ ክፍቱን መኪና። ከሁሉ የሚያንገበግበው ማኪንሊ ነው። «ጸሐፊው ከሕዝብ ጋር የሚጨባበጥበትን ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ሰረዘለት፤ እሱ ‹ማን ይጎዳኛል?› ብሎ መለሰው!» ይላል፣ ትናንት የሆነ ይመስል ጭኑን እየመታ። «ከሰልፉ አንዱ እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ መጣ። ቁስለኛ መስሏቸው አሳለፉት። ሽጉጥ ነው የጠቀለለው! ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

ይህን ወሬ ከማንም አብዝቶ የሰማው ምንዋጋው ነው፣ የእህቱ የእታለም አንድ ልጅ። ምንዋጋው ከሰባት ዓመት በፊት ደሃና ውስጥ በድንበር ጠብ አጥናፉ የሚባል ጎረቤቱን በዱላ መትቶ ገደለ። አንዴ ነው የመታው፤ አንዴም ይገድላል። ታሰረ፣ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። መንግሥት ጨርሻለሁ ቢልም ደም ግን አልጨረሰም። የአጥናፉ ወንድም ኪዳኑ በቀብሩ ቀን «የወንድሜን ደም ሳልመልስ ጸጉሬን ምላጭ አይነካውም» ብሎ ምሏል። ያንን ጎፈሬ ተሸክሞ አምደወርቅ ገበያ ሲወጣ ሰው መንገድ ይለቅለት ነበር። እታለም በሩቅ ባየችው ቁጥር ገበያዋን ጥላ ትመለሳለች።

ሽማግሌዎች ደጅ ሲጠኑት ቆይተው በመጨረሻ ኪዳኑ እሺ አለ። ደም የሚደርቅበት ቀን ተቆረጠ። እርቁን የያዙት አባ ገብረ አማኑኤል በዕለቱ የሚያነቡትን ወርቅአገኘሁ እንዲጽፍላቸው ላኩበት።

«ወንድምዓለም፣» አለችው እታለም፣ «እባክህ እንደ ማመልከቻ እንዳታደርቀው። ልጄን የሚያተርፍ ቃል ጻፍልኝ።»

ጻፈ። ከሊንከን ነው የወሰደው፤ በማንም ላይ ቂም ሳንይዝ፣ ለሁሉም በጎ እያሰብን ቁስላችንን እንሰር የሚለውን ወደ ዋግ ሰው አንደበት አመጣው። ጽፎ ሲጨርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ሊንከን ያንን ተናግሮ በአርባ አንደኛው ቀን ነው የተመታው። «ምን ነካኝ? ምነው ሌላ በጻፍኩ!» አለ። ሊቀይረው ፈለገና ከዚያ የሚሻል ቃል አጣ።

ቀኑ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለችው ወይራ ሥር ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተቀመጠ። መሣሪያ ያለው ሁሉ ቤቱ ጥሎ እንዲመጣ ተማምሏል። ሰማዩ ጠቁሯል፣ አይዘንብም። አሞራ ከላይ ይዞራል። ለሚታረዱት በጎች ነው የመጣው፤ ወርቅአገኘሁ ግን አላማረውም።

ኪዳኑ ከነሚስቱ ከዝናሽ ብቅ አለ። አቤት የሕዝቡ ጉምጉምታ! ጎፈሬው የለም። ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ ነው የመጣው። እታለም እልል ልትል ስትል አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያ ሁሉ ሰው የተላጨውን ራስ ሲያይ ወርቅአገኘሁ ሌላ ነገር አየ። የኪዳኑ ቀኝ እጅ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እጁ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ አጠገቡ የተቀመጠውን ሽማግሌ ጎሰመው።

«እኔ ምን አውቃለሁ! ዝም በል እንጂ፣ አባ እያነበቡ እኮ ነው!»

እውነትም እያነበቡ ነበር። «ቁስላችንን እንሰር» ሲሉ ስንቱ ዓይኑን ጠረገ። ወርቅአገኘሁ የገዛ ቃሉን አልሰማም። ዓይኑን ከጨርቁ ላይ አልነቀለም። ጨርቁ ለቁስል በዛበት። ‹ማን ይጎዳኛል?› አለ ማኪንሊ፤ በተመታ በስምንተኛው ቀን ሞተ።

ምንዋጋው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ መሬት መሬት እያየ ወደ ኪዳኑ ተራመደ። ወጉ እንዲህ ነው፤ የሟች ወንድም ድንጋዩን ያነሳለታል፣ ይሳሳማሉ፣ አለቀ። ኪዳኑ ግራ እጁን ለድንጋዩ ዘረጋ። የተጠቀለለው ቀኙም ከጋቢው ሥር ወጣ።

«መሣሪያ ይዟል!» ብሎ ጮኸ ወርቅአገኘሁ። በስልሳ አምስት ዓመቱ ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ዘሎ የኪዳኑን ክንድ ጠመዘዘና ጨርቁን ቦጨቀው።

ሽጉጥ አልነበረም። መዳፉ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ጨርቁ ላይ የደረቀው ቁስል ተገንጥሎ ደሙ እንደ አዲስ ፈሰሰ፤ ምንዋጋው ማጅራት ላይ ተንጠባጠበ። ደም ሊያደርቁ በመጡበት ቦታ! ድንጋዩ ወደቀ።

«ትናንት ለእናንተ ድግስ እንጨት ሲፈልጥ ነው መጥረቢያ የሳተው!» አለች ዝናሽ። «ለእናንተ! ለእናንተ!» እያለች ደረቷን ደቃች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ብሎ ተነስቶ ጋቢውን አራገፈ።

ኪዳኑ አልጮኸም። ምነው በጮኸ። «ጋሽ ወርቅአገኘሁ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ልገድለው ስመኝ፣ እርቅ መሐል ገብቶ መግደል የሚባል ነገር አንድም ቀን ታስቦኝ አያውቅም። እርስዎ አሰቡልኝ።» ደም በማይፈሰው እጁ የተላጨ ራሱን ዳበሰ። «ግድ የለም። ጸጉር እንደሆነ ይበቅላል።»

ጥሏቸው ሲሄድ አባ ገብረ አማኑኤል መስቀላቸውን ይዘው ተከተሉት፤ ዞሮም አላያቸው። በጎቹ ሳይታረዱ ተመለሱ።

ሲመለሱ ምንዋጋው ማጅራቱን እንኳ አልታጠበም። «አያ፣» አለው፣ «ልጅ ሳለሁ ያንን ወሬ ሲነግሩኝ፣ ‹ሰውዬው እውነት እጁ ቆስሎ ቢሆንስ?› ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

ወርቅአገኘሁ አላስታወሰም።

«‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ› ነበር ያሉኝ» አለ ምንዋጋው። እታለም ከኋላ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ወንድምዓለም ብላ ጠርታው አታውቅም። ልጇ ወደ ወልድያም ወደ ሌላም አገር እንዲጠፋላት እግሩ ላይ ወደቀች፤ «ማሳውን ማን ሊያርስልሽ?» ብሎ እምቢ አለ።

ይኸው ሦስት ወር ሆነ። ወርቅአገኘሁ ዛሬም ጥላው ሥር አለ፤ መጽሐፉን ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። «ፕሬዚዳንቱ!» ሲሉት አቤት አይልም። ከደሃና ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ግን ወረቀቱን ሳያወጣ የሚጠይቀው ነገር አለው። ሰኞ ዕለትም ከአምደወርቅ የመጣውን ገበሬ ጠየቀው።

«የኪዳኑ ጸጉር እንዴት ነው?»

ሰውዬው መጀመሪያ የቀለደበት መሰለው። «የማን? የኪዳኑ? ምን ይሆናል፣ አድጓል!» ብሎ የሌባ ጣቱን አንድ አንጓ አሳየው። «ይህን ያህል።»

«ሊላጨው አላሰበም?»

«ኧረ ምን ሊላጨው!» አለ ሰውዬው፣ የመጣበትን ወረቀት ከኪሱ እየፈለገ። «ቅቤ መቀባት ጀምሮለታል እኮ።»