ማዳበሪያ ያሉኝ ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ የሻርኳቸውን ጾሞችና በቁጣ የተናገርኳቸውን ቃላት አንድ በአንድ ስዘረዝር ይህችን ብቻ ዘልያታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዘለልኳት። አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ለእረፍት አቃቂ ወዳለው ቤታችን መጥቻለሁ። እሑድ በአፌ የምናገረው ነገር አለ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሳላሳምር ልጽፈው ፈለግሁ። በአፌ ሲሆን አሳምራለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ።

በደሌን አስቀድሜ ልናገር። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የጎረቤታችንን የእማማ የሺን ቲማቲም በእኔ ስንፍና ብርድ ፈጀው። ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ በማግስቱ ያደረግሁት ነው፦ ጥፋቴን ለመደበቅ ስል እኒያ አስተዋይ ሴት የገዛ አፋቸውን እንዲጠራጠሩ አደረግሁ።

እማማ የሺ የባቡር ሠራተኛ የነበሩት ባላቸው በተዉላቸው ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከእኛ በር እስከ እሳቸው በር አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ግቢያቸው ጠባብ ናት። እሳቸው ግን ባዶ የቀለም ባልዲውንም፣ የተቆረጠውን ጀሪካንም፣ ያለቀውን ጎማም አፈር ሞልተው ቲማቲም ይተክሉበታል። የዚያን ዓመት አሥራ አራት እግር ነበር። ቁጥሩን የማውቀው ውሃ የማጠጣው እኔ ስለነበርኩ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ብኖርም ብቀርም ልብ የሚለኝ አልነበረም፤ እሳቸው ግቢ ስገባ ግን "መጣች የኔ ባለሙያ!" ይሉኛል። ይህን ለመስማት ብቻ ሮጬ የሄድኩባቸው ቀናት ነበሩ።

ስለ ብርድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አቃቂ ሜዳ ስለሆነ ብርዱ እንደ ውሃ ወርዶ ይተኛበታል ይሉ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ በየባልዲው ዙሪያ ሦስት ሦስት እንጨት ይተክሉና ፀሐይ ሳትጠልቅ ባዶ ማዳበሪያ ያለብሱታል። እኛ ሰፈር ማዳበሪያ ሲባል ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ አፈር ላይ የሚበተነው፣ ሌላው እሱ የሚመጣበት፣ በኋላም ጤፍና ከሰል የሚሞላበት ጆንያ። እንጨቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ስጠይቃቸው፣ "ማዳበሪያው ቅጠሉን ከነካው ብርዱ በዚያው ይገባል። አንቺስ እርጥብ ልብስ ገላሽ ላይ ቢለጠፍ ይሞቅሻል?" አሉኝ።

አንድ ጎረቤት በአጥር በኩል አይቶ "እማማ፣ ለቲማቲም ደግሞ ብርድ ልብስ?" ብሎ ሲስቅባቸው፣ "እሱስ ለብሶ ይቀላል፤ አንተ ለብሰህ ምን ሆንክ?" ብለው መለሱለት። አፋቸው እንዲህ ነበር። ቃል አይስቱም ነበር።

የዚያን ዓመት ጥር ሲያልቅ ሰው ሁሉ ብርዱ ሄደ አለ። ማዳበሪያዎቹ ታጥፈው በረንዳው ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቲማቲሞቹ አረንጓዴ ፍሬ አንጠልጥለዋል፤ ለዐቢይ ጾም ይደርሳሉ፤ ጎረቤቱም እንደየዓመቱ የሚደርሰውን ይጠብቃል። የካቲት በገባ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እማማ የሺ ቢሾፍቱ ለቅሶ ሊደርሱ ተነሡ። የሚያድሩት እዚያው ነው። ጥቁር ለብሰው ግቢያቸው መካከል ቆሙና ሰማዩን አዩ።

"ደመና የለም። ነፋሱም ቆሟል" አሉ። "ዛሬ ይከፋል። ስሚኝ የኔ ባለሙያ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዳበሪያውን ጣል አድርጊባቸው። አደራ።"

"እሺ እማማ።"

"አደራ ብያለሁ!"

"እሺ አልኩ እኮ እማማ፣ በቃ ይሂዱ!"

ሳቁና ቁልፋቸውን ሰጡኝ። ሲናገሩ ወደ አግዳሚው ነበር ያዩት። እኔም አብሬ ወደ አግዳሚው አየሁ። የትኛውን ማዳበሪያ እንዳሉ ለቅጽበት እንኳ አልተጠራጠርኩም። ይህን አጥብቄ የምናገረው በኋላ የመጣው ሁሉ በዚህ ላይ ስለቆመ ነው።

በዚያው ቀን ሳሪስ የአንዲት የክፍሌ ልጅ ልደት ነበር። ጠርታኝ አታውቅም፤ ያን ቀን ጠራችኝ። ሄድኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ሳልመለስ ቀረሁ። መንገዱ ቃሊቲ ጋ በመኪና ተጨናንቆ ታክሲው ቆመ፤ ሰፈር የደረስኩት ከመሸ ነው። መንገድ ተዘጋጋብኝ ልበል? ከታክሲው ከወረድኩ በኋላ ማን ዘጋብኝ? አሥር እርምጃ ነበር የቀረኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔ ግን ቤት ገባሁ፣ እራቴን በላሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ለአንድ ቀን ምን ይሆናሉ አልኩ። ብርድ መሆኑን አላወቅሁም ማለት አልችልም። እኔ ራሴ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ደርቤ ነው የተኛሁት።

ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ተነጥፎ ነበር። የግቢያቸውን በር ከፈትኩ። የአሥራ አራቱም ቅጠል የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ጎመን ጠቁሮ አፈሩ ላይ ተኝቷል። ፍሬዎቹ ብርጭቆ መስለዋል፤ አንዱን ስነካው ጣቴ ሰርጎ ገባ።

ልጅ ነበርኩ ብዬ ላምልጥ? ልጅ ቢሆን ኖሮ ያለቅስ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። እኔ ቆሜ አሰብኩ። ያሉኝን ቃል በአእምሮዬ አገላበጥኩት፤ ማዳበሪያውን ጣል አድርጊባቸው፤ ማዳበሪያውን። ከዚያ በያዝኩት ቁልፍ ቤታቸውን ከፈትኩ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ነጩ ማዳበሪያ ያለበትን የወተት ጣሳ አነሣሁ፤ በየባልዲው፣ በየጀሪካኑ እየዞርኩ ትንሽ ትንሽ በተንኩ። አሥራ አራት ጊዜ። ከአንዱ ወደሌላው ስሄድ መተው እችል ነበር። አሥራ ሦስት ጊዜ መተው እችል ነበር። አልተውኩም። ማዳበሪያዎቹ እንደታጠፉ አግዳሚው ላይ ነበሩ።

አራት ሰዓት ገደማ እማማ የሺ ልጃቸው ታደሰ በመኪናው ይዟቸው መጡ። ታደሰ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፤ እናቱ ብቻቸውን መኖራቸው ሁልጊዜ ያሳስበዋል። ክፉ ሰው አይደለም። እማማ የሺ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

"ምን ነክቷቸው ነው?"

"እኔ እንጃ እማማ" አልኩ። "እንዳሉኝ ትናንት ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዳበሪያ አደረግሁባቸው።"

"አለበስሻቸው?"

"ማልበስ? ማዳበሪያ ጣል አድርጊባቸው ነው እኮ ያሉኝ። ከጣሳው በተንኩላቸው።"

ታደሰ ሳቀ። "አየሽ እማዬ? ማዳበሪያ ጣይ አልሻት፣ ጣለች። ልጅቷ ምን ታድርግ?"

"እኔ እኮ ያልኩት…"

"ባለፈውም ቁልፉን በሩ ላይ ሰክተሽ ወጣሽ። እኔ ስጨነቅ ደግሞ ትቆጫለሽ!" ወደ እኔ ዞረ። "አይዞሽ አትደንግጪ። ታዛዥ ልጅ ነሽ፣ የተባልሽውን ነው ያደረግሽው።"

እማማ የሺ አዩኝ። ቆይተው አዩኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንድ የጠቆረ ቅጠል አነሡ፤ ቅጠሉ ላይ ያለውን የማዳበሪያ ነጭ ፍሬ በጣታቸው ጠረግ አድርገው ቅጠሉን መልሰው አስቀመጡት።

"አፌ ይሆናል የሳተው" አሉ።

እኔ ዝም አልኩ። ያን ቀን ከተናገርኩት ውሸት ይልቅ ይህ ዝምታ ይከብደኛል።

ታደሰ ነገሩን እንደ ቀልድ ለሰው ሁሉ አወራው። ሰው ሳቀ። እኔም እማማ የሺ ፊት አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ እማማ የሺ ሲናገሩ መሃል ላይ ማቆም ጀመሩ። ሱቅ ሄደው "ሁለት ኪሎ ስኳር" ይሉና "ስኳር ነው አይደል ያልኩት?" ይላሉ። ከፋሲካ በኋላ ታደሰ ብቻሽን አትሆኚም ብሎ ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቱ ወሰዳቸው። አልተከራከሩትም። ድሮ ቢሆን አንድ ቃል ተናግረው ይመልሱት ነበር። ግቢያቸው ለዕቃ ማከማቻ ተከራየ፤ ተከራዩ ጭቃ እንዳይሆን ብሎ ሲሚንቶ አለበሰው።

አንድ ጊዜ ከእናቴ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። በረንዳቸው ፀሐይ ይገባበታል፤ አንድም ባልዲ ግን የለበትም።

"እማማ፣ እዚህ ቲማቲም አይተክሉም?" አልኳቸው። እንዴት ብዬ ጠየቅሁ? በምን አፌ?

"ከእንግዲህ እኔ አዝዤ ማን ይሳሳትብኝ?" አሉኝ። ቀጥለው ወደ ታደሰ ዞሩ። "በትክክል ነው ያልኩት?"

"አዎ እማዬ" አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ።

በዚህ ዓመት መኝታ ክፍላችን ውስጥ አንዲት ልጅ ልብሷን እየሰበሰበች "ማዳበሪያ ያላት አለች?" ብላ ጠየቀች። ሌላዋ ከአልጋዋ ሥር ጆንያ ጎትታ ወረወረችላት። "የትኛውን ማዳበሪያ?" ያለ አልነበረም። የሳቀም አልነበረም። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ፊቴ ጋለ። ቃሉ በጭራሽ አሻሚ አልነበረም። አሻሚ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ያ እማማ የሺ ያነሡት ቅጠልም ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እኔ ማዳበሪያውን የበተንኩት ከብርዱ በፊት ነው ብያለሁ። እንዲያ ቢሆን ቅጠሎቹ ኋላ ጠቁረው አፈሩ ላይ በተበተነው ማዳበሪያ ላይ በወደቁ ነበር። የማዳበሪያው ነጭ ፍሬ ግን የጠቆረው ቅጠል ላይ ነበር። ቅጠሉ ከሞተ በኋላ ነው የተበተነው። ሰማይ አይተው ውርጭ የሚያውቁ ሴት ይህን አያዩም? እኔ ይህን ለመረዳት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፤ እሳቸው በጣታቸው ጠረጉት።

ካላዩ፣ የራሳቸውን አእምሮ እንዳያምኑ አድርጌያቸዋለሁ። ካዩ ደግሞ እኔ ቲማቲማቸውን ሳልሸፍን እሳቸው እኔን ሸፍነዋል፤ ልጃቸው ፊት እንዳላፍር ብለው "አፌ ነው" አሉ፤ በዚያች ቃል ቤታቸውን አጡ። የትኛው ይሻላል? አላውቅም። የሚያቀልልኝን መርጬ እንዳልይዝ ግን ወስኛለሁ።

ለእረፍት ከመጣሁ ጀምሮ በሁለት ባልዲ የቲማቲም ችግኝ ተክያለሁ። አሁንም የካቲት ነው፤ ዘንድሮም አለፈ የተባለው ብርድ በዚህ ሳምንት ድንገት ተመለሰ። ሦስት ሦስት እንጨት ተከልኩ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዳበሪያ አለብሳቸዋለሁ፤ ጠዋት ስገልጣቸው ደህና ናቸው። ሰዓት ይዤ አየሁ። ለሁለቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ለአሥራ አራቱ ሰባት ደቂቃ ባልፈጀብኝ ነበር።

ችግኞቹን ይዤላቸው ልሄድ አስቤ ነበር። ተውኩት። ስጦታ ይዤ ከገባሁ እማማ የሺ ገና ሳልናገር ያመሰግኑኛል፤ እኔም ምስጋናውን ተቀብዬ ዝም እላለሁ። ባዶ እጄን እሄዳለሁ። ለእሳቸው ብቻ በጆሯቸው ብነግራቸውም አይበቃም፤ አሁንም ይሸፍኑኛል። ስለዚህ ትናንት ለታደሰ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ እሑድ ቤት ትኖራለህ?"

"እኖራለሁ። ምነው፣ ደህና?"

"የማዳበሪያውን ነገር ልነግራችሁ ነው። ለሁለታችሁም።"

ሳቀ። "ያቺን ቀልድ?"

"ቀልድ አይደለም ጋሼ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

ሳቁ ቆመ። "እሑድ ነይ" አለና ዘጋው። አሁን ወደኋላ የምልበት መንገድ የለኝም፤ የደወልኩትም ለዚህ ነው።

ይህን የምታነቡ፣ ልጅ ነበረች አትበሉልኝ። ይቅርታ የሚጠየቁት እማማ የሺ ናቸው፤ መከልከልም መብታቸው ነው። ቢከለክሉኝ አልከራከርም። ግቢው ሲሚንቶ ለብሷል፤ ያንን መመለስ አልችልም። የምመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ቃላቸው። በሩን ሲከፍቱልኝ ሰላምታም ሳላስቀድም፣ ልጃቸው እየሰማ፣ እንዲህ እላለሁ፦

እማማ፣ በትክክል ነበር የተናገሩት።