አባቴ ያልላካቸው ሽማግሌዎች

ከቴሌቪዥን የሚሰበር ሳህን ድምፅ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ትናንት አንቺ ቤት፣ በዚያ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ሚስትየው ሳህን ስትወረውር፣ ባልየው ቁም ሣጥን ውስጥ ሲደበቅ፣ አንቺ በሳቅ ስትፈርሺ እኔ ብድግ ብዬ በረንዳ የወጣሁት ለዚህ ነው። ራሴን አሞኝ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እኔና እናቴ አል ዓይን፣ ዛኸር ውስጥ፣ ከአንድ ቪላ ጓሮ በተከራየናት ክፍል እንኖር ነበር። አባቴ አቡ ዳቢ፣ አል ባጢን፣ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ሹፌር ነው። የተለያዩት በሌላ ሴት አልነበረም፣ በዱላም አልነበረም። ወሎ ያለችው አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ስትሞት መርዶው የደረሰን ሁላችንም አቡ ዳቢ አብረን ሳለን ነው። የአገራችን ሰው ከሻርጃ ድረስ መጥቶ እናቴን ሲያጽናና አባቴ ካፊሉን፣ አሠሪውን፣ ይዞ ዱባይ ሄደ። ሚስቴ እናቷ ሞታባታለች ብሎ ፈቃድ እንኳ አልጠየቀም። በአራተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ምንጣፉ ከተጠቀለለ በኋላ መጣና "ምሳ አለ?" አለ። እናቴ ምሳውን አቀረበችለት። በልቶ ሲጨርስ "ኸላስ፣ በቃ" አለች፤ ልብሳችንን በሁለት ሻንጣ አጭቃ ይዛኝ ወጣች።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ሰው እየሰማ አጥፍቻለሁ ይበል፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" ትል ነበር። እሱ ደግሞ በስልክ ምን ይላል መሰለሽ? "እኔ ለቅሶ ብደርስ ከሞት ትነሳ ነበር ወይ?" ይላል።

ያንኑ ፊልም ከእናቴ ጋር ያየሁት ከሥራ በምታርፍበት ዓርብ ከሰዓት ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ኤሲው ያንጎራጉራል፣ የእናቴ እጅ በረኪና በረኪና ይሸታል። ተለያይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ አንዱ ሲዋሽ ሌላው ሲደበቅ፣ ዕቃ ሲሰባበር፣ መጨረሻ ላይ ተቃቅፈው ሳቁ። እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩላት እኔ በሳቅ ሞትኩ። እናቴ ግን ፊልሙ ውስጥ ያለውን ወለል ብቻ ስታይ ቆይታ "ይሄን ሁሉ ስባሪ ማን ነው የሚጠርገው?" አለች። ለምን አትስቅም ብዬ ተናደድኩባት። እኔ ሞኟ ፊልሙን ትምህርት አደረግሁት። የተኳረፉ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው አንድ ጥሩ ውሸት ነው ብዬ አመንኩ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኦአሲሱ፣ የቴምር እርሻው አጠገብ ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄድኩ። የአገራችን ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው፤ ሁላችንም ሼሁ እንላቸዋለን። ከቴምሩ ሥር የረጠበ አፈር ሽታ እሱቃቸው ድረስ ይመጣ ነበር። "አባዬ ሽማግሌ ሁኑኝ ብሎ ልኮኛል" አልኳቸው።

መርፌውን ከአፋቸው አወጡና "ራሱ ለምን አልደወለም?" አሉኝ።

"አፍሮ።"

በቃ፣ አመኑኝ። ያፈረ ሰው ልጁን ቢልክ በእኛ ዘንድ ያለ ነው፤ ሽማግሌ የለመነን ሰው ደግሞ እውነት ልከሃል ወይ ብሎ መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። ምን አለ ሲሉኝ የእናቴን ምኞት ሁሉ በአባቴ አፍ አድርጌ ነገርኳቸው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠራርገው "ባልሽ አጥፍቻለሁ ብሏል። የእናትሽን ለቅሶ አለመድረሴ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ እሷ የእኔም እናት ነበረች፣ አፉ በይኝ ብሏል" አሏት። እያንዳንዷ ቃል የእኔ ነበረች። እናቴ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ በለቅሶው ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። "ይህን ካለማ እሺ" አለች።

ሼሁ እዚያው ስፒከር ላይ አድርገው ደወሉለት። "እሺ ብላለች፣ እንኳን ደስ ያለህ" ሲሉት በስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩንባ ብቻ ተሰማ። ማንን ልኬ ነው ቢል እናቴ በሦስት ሽማግሌ ፊት መሳቂያ መሆኗ ነበር። አባቴ ግን "አላህ ያክብርልኝ፣ እመጣለሁ" አለ። ሽማግሌ ማሳፈር ፈርቶ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ልከላከልለት ሞክሬያለሁ መሰለሽ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ያልለመነውን ምሕረት አገኘና ኪሱ ከተተው።

ወደ አቡ ዳቢ ተመለስን። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ የእኔ ግን ለአምስት ዓመት በቃ። አንድ ቀን ራሱ አጥፍቻለሁ ይላታል ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ሸሚዙን ስትተኩስ፣ የመንገድ ምሳውን ስትቋጥር፣ ለጎረቤት "አፉ በይኝ ብሎኝ እኮ ነው የተመለስኩት" ስትል እሱ ቁጭ ብሎ ይሰማል። አንድም ቀን ፊቱ ሲቀላ አላየሁም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አላስችል አለኝ። ምሳ በልቶ ጥርሱን ሲጎረጉር ፊቱ ቆምኩ። "አባዬ፣ ሽማግሌዎቹን የላክኋቸው እኔ ነኝ። አንተም ታውቃለህ። አሁን ራስህ አጥፍቻለሁ በላት" አልኩት።

ቀና ብሎም አላየኝ። "እሱ እኮ በሽማግሌ ያለቀ ነገር ነው። ብሏል ተብሎ ተነግሯት የለም እንዴ? ምን ትጨምሪያለሽ?"

እናቴ የተቆረጠ ሐብሐብ በትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስንቱን እንደሰማች ከፊቷ አወቅሁ። መጥታ ትሪውን ፊቱ አስቀመጠችለት፤ እሱም አንድ ቁራጭ አነሳና ጎረሰ። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ያ ጉርሻ ነው። ይቅር አልልህም ብዬዋለሁ፣ ይቅርም አላልኩትም።

ለዐስር ሰላት ሲወጣ እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በጥፊ የምትለኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

"ለሼሁ ምን ነበር ያልሻቸው?"

"እማዬ፣ እኔ..."

"አባትሽ አለ ብለሽ ያልሽውን። እስቲ ንገሪኝ።"

ነገርኳት። አጥፍቻለሁ፣ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ አፉ በይኝ።

"ስለ እናቴ ያልሽውን ዘለልሽው" አለች።

"እሷ የእኔም እናት ነበረች።"

ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ "አዎ፣ እንደሱ ነው የሚባለው" አለች።