ሰማያዊ የሌለው ፎርማ

ሰፈሩ በሙሉ «ነጬ» ይላታል። ከጄሶ ጋር ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ቢታጠብም አይጠራም፤ ቅንድቧ ላይ ወይ የጆሮዋ እጥፋት ውስጥ አንድ ነጭ ነገር አይጠፋም።

ምስል መቅረጹን ያስተማሯት ጋሼ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ወደ ሥራ ቤቷ የሚመጡት ለጨዋታ ነው። ሲያስተምሯት ከሁሉ አስቀድመው የነገሯት ይህን ነበር፦ በጭቃው ምስል ላይ መጀመሪያ የሚረጨው ስስ ጄሶ ሰማያዊ ይሁን፣ ከላዩ የሚደረበው ወፍራሙ ነጭ። ይህ ልባስ ሲደርቅ ፎርማ ይሆናል። ጭቃው ከውስጡ ተጠርጎ ይወጣና በቦታው ሌላ ጄሶ ይሞላል፤ እሱ ሲረጋ ፎርማው በመሮ እየተሰበረ ይነሣል። ሰማያዊው ብቅ ሲል «ደርሰሻል፣ እጅሽን ሰብስቢ» ማለት ነው።

ነጬ ይህን አንድ ቀን ሳትስት ኖረች። የሳተችው በአዋላጇ ምስል ነው።

አዋላጇ የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው የተቀበሉ ሴት ነበሩ፤ ነጬንም ጭምር። ሲሞቱ ልጃቸው ጤና ጣቢያው በር ላይ የሚቆም ምስል አዘዘች። ነጬ ሁለት ወር ጭቃውን ስትደባብስ ከርማ፣ ሊስቁ ሲሉ ባንድ ወገን ብቻ የሚነሣውን ከንፈራቸውን አገኘችው። ፎርማው በሚሠራበት ቀን ልጅቱ መጣች፤ ገና ፊቱን ስታይ «እማዬ!» ብላ ነጬ ላይ ተጠመጠመች። ነጬ እሷን ስታባብል ሳህኑ ውስጥ ያለው ጄሶ መወፈር ጀመረ። ተጣድፋ ረጨችው።

የሰማያዊው ዱቄት ጣሳ መደርደሪያው ላይ ሳይከፈት መቀመጡን ያየችው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጭቃው ወጥቶ ተደፍቷል፣ ጄሶው ተሞልቷል። ነጭ በነጭ። መሮው ትንሽ ከጠለቀ ያ ከንፈር ሁለተኛ አይገኝም።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለች፣ ክንዳቸውን ይዛ እያስገባች። የሆነውን ነገረቻቸው።

«ጎሽ! ለዓይነ ሥውርም ሥራ ተገኘ» አሉና ሳቁ። «ወንበር ስጪኝ። በደንብ አስጠጊኝ።»

በፎርማውና በምስሉ መሃል ሳሙና ስለተቀባ ሁለቱ አይጣበቁም። ወፍራሙ ሲመታ ድምፁ ድፍን ነው፤ ሲሳሳ ግን እንደ ተሰነጠቀ ሳህን ይንቋቋል። ልዩነቱን ነጬ አትለየውም፤ ጋሼ ይለዩታል።

«ምቺ… ምቺ… ቆይ! ሳሳ።»

ያኔ መሮውን ትጥልና በጥፍሯ ትልጣለች። አፉ ጋ ሲደርሱ እጇ ተቻኮለ።

«ቀስ በይ እንጂ! እሷ አንቺን ከእናትሽ ስትቀበል መሮ ይዛ ነበር እንዴ?»

ነጬ ሳቋ አመለጣት፤ ከጠዋት ጀምሮ የተወጠረ ትከሻዋም ተፈታ። አንድ ቅርፊት ተነሣ። ከሥሩ ያቺ ባንድ ወገን የተነሣች ከንፈር ደህና ሆና ወጣች።

ጋሼ ፊቱን በጣቶቻቸው ዳሰሱት። አገጩ ሥር ሲደርሱ ቆሙ። «ጭረቷ ይቺ ብቻ ናት?»

«እሷ ብቻ ናት፣ ጋሼ።»

«የኔ የመጀመሪያ ሥራ እኮ አፍንጫ አልነበረውም።»

አመሻሹ ላይ ልጅቱ መጣች። ምስሉ ፊት ብዙ ቆመች። «አሁን እኮ ልትስቅብኝ ነው» አለች፤ አላለቀሰችም። ወደ ነጬ ዞራም «እጅሽ ይባረክ» አለቻት።

ነጬ «የኔ እጅ ብቻ አይደለም» አለች። ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራ ጋሼ ፊት ተንበረከከች። ብናኝ የለበሰውን ጆሯቸውን፣ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ ቀስ ብላ ጠረገችላቸው።