መልስ ያልመጣላቸው ገጾች

ትምህርት ክፍላችን፣ በጣና ከሚገኙት ገዳማት የአንዱ ብራና መጻሕፍት ፎቶ የሚቀመጥበት ፕሮግራም አለው። ከደሴቱ የሚላክ ፎቶ በሦስት ኮምፒዩተሮች ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ግቢያችን ውስጥ፣ አንዱ እዚያው ከተማ ፋሲሎ ሰፈር፣ አንዱ ጎንደር። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ፕሮግራሙ ፎቶውን ልኮ አምስት ሰከንድ መልስ ይጠብቃል፤ መልስ ካጣ በቀይ «አልተቀመጠም» ይላል።

ፎቶ የሚያነሱት የገዳሙ መጻሕፍት ጠባቂ፣ የኔታ፣ ቀዩን ባዩ ቁጥር ይደውሉልኝ ነበር።

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?»

ብዙ ጊዜ የዘገየው መልሱ እንጂ ፎቶውስ ደርሷል። እንደ እሳቸው ያሉ አባት በከንቱ ሲጨነቁ መስማት ከበደኝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ሳለ ማንንም ሳላማክር አንድ መስመር ቀየርሁ፤ አምስት ሰከንድ ሲያልፍ፣ መልስ ባይመጣም፣ ፕሮግራሙ በአረንጓዴ «ተቀምጧል» እንዲል አደረግሁ። የኔታ መደወል ተዉ። ደስ አለኝ።

በዓመት አንድ ቀን፣ በንግሥ ዕለት ብቻ የሚወጣ መጽሐፍ አለ። ዘንድሮ የኔታ ሙሉውን አነሡት፤ አረንጓዴውን አይተው፣ ካርዱ ለሌላ መጽሐፍ እንዲያገለግል ፎቶዎቹን ከካሜራው አጠፏቸው። በሳምንቱ ስቆጥር አሥራ አንድ ገጽ ከሦስቱ ኮምፒዩተሮች በአንዱም ላይ የለም። ለካ ያን ቀን መስመሩ ተቋርጦ ኖሯል።

ለመምህሬ ነገርሁት። ኮዱን አየና «ኮምፒዩተሩን ይሉኝታ አስተማርኸው እንዴ?» አለኝ። አልሳቀም።

አብረን አስተካከልነው። አሁን መልስ ሲዘገይ ፕሮግራሙ ደረሰም አልደረሰም አይልም። «መልስ አልመጣም፤ ፎቶውን አያጥፉ» ይልና ሦስቱን ኮምፒዩተሮች መልሶ ይጠይቃል፤ ያልደረሰውን ብቻ እንደገና ይልካል። ገመዱን እየነቀልን ሞከርነው፤ ሠራ። አሥራ አንዱን ገጽ ግን አልመለሰልንም።

ይህን በስልክ መናገር ነውር መሰለኝ። በጀልባ ሄጄ ከገዳሙ ዕቃ ቤት ደጃፍ አገኘኋቸው፤ ጉልበታቸውን ስሜ ሁሉንም ነገርኋቸው።

«እንዳይጨነቁ ብዬ ነው፣ የኔታ።»



«አንተ ልጅ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስጨነቅ ኖሬ አልሞትሁም። ቀይ ቢሆን ኖሮ እኮ ካርዱን መቀነቴ ላይ ቋጥሬ እይዘው ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። በል የጎደሉትን ጥራልኝ።»

ከወረቀቴ ላይ ተራ በተራ ጠራሁ። ከመጨረሻው ሦስተኛዋን ገጽ ስጠራ እጃቸውን አነሡ።

«እሷ እንኳ ጫፏ እየረገፈ ነው» አሉ። «እስከ ከርሞ ንግሥ ትቆይልን እንደሁ እንጃ።»

የቀሩትን ሁለቱን ጠራሁላቸው።