የተሰጠሽን ተቀበዪ

ነባሯ የግብርና ባለሙያ ፋሳይና ገንዳ ውስጥ በረኪና በጥብጣ የአዲሷን ባለሙያ የሎሴን ቦቲ ጫማ ሶል በጥርስ ብሩሽ ትፈገፍጋለች። በየስንጥቁ የደረቀውን ጭቃ በምስማር ታወጣለች። የጎደሬ በሽታ በምሥራቁ ዳርቻ ገብቶ፣ ከዚያ የተመለሰ ባለሙያ ጫማው ሳይታጠብ ሌላ ማሳ እንዳይረግጥ ታዞ ነበር። ሎሴ አጠገቧ በባዶ እግሯ ቆማለች።

እኔ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ለሃያ ዓመት ሻይ አፍልቻለሁ። ወደ ሳቫዪ ደሴት የሚመደብ አዲስ ባለሙያ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰጠው ለፋሳይና ነው። ስድስት ወር ይዛው ትዞራለች። የመጀመሪያ ቀን ምክሯ ለሁሉም አንድ ነው፦ «የቀረበልሽን ብዪ፣ የተሰጠሽን ተቀበዪ። እምቢ ካልሽ ሁለተኛ ደጃቸውን አትረግጪም።»

ሎሴ ይህን የተማረችው አፍራ ነው። በመጣች በሳምንቷ፣ ሽማግሌው ታፋ ቤት ጎደሬ በኮኮናት ወተት ቀረበላት።

«በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» አለች።

ታፋ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «መንግሥት አጥግቦ ነው የላካት። በይ ለአሳማው ስጪው፤ እሱ ዲፕሎማ የለውም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሎሴ ሦስት ጎደሬ በላች። ከዚያ ወዲህ ታፋ «ልጄ» ይሏት ጀመር።

በሽታው ሲገባ፣ ቅጠልም ሆነ የሚተከል ግንድ ከመንደር መንደር እንዳይወሰድ ደብዳቤ መጣ። ሎሴ ወደ ምሥራቅ ልትሄድ ስትነሣ ሻይ እየቀዳሁ ሰማኋቸው።

«እትዬ ፋሳይና፣ ግንድ ቢሰጡኝስ?»

«ተቀበያ፤ ምን ልትዪያቸው ነው? ስትመለሺ ባሕር ውስጥ ትጥዪዋለሽ።»

ሰጧት። በምሥራቁ መንደር የሚኖሩት የታፋ ታላቅ እህት አሥር ግንድ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው «ለወንድሜ፣ በእጁ» አሏት። ሎሴ ባሕሩ ዳር ብዙ ቆመች። «የሰው ስም ተጠርቶበት እንዴት ልጣለው?» አለችኝ በኋላ። ፋሳይና ጫማውን ስታጥብ ግንዱ ታፋ እጅ ገብቶ ነበር።

ወር ሳይሞላ በታፋ ማሳ የጎደሬው ቅጠል ላይ ቡናማ ክብ ነጠብጣብ ወጣ፤ ከዚያ እንደ ረጠበ ወረቀት ተበጣጠሰ። አሥራ አራት ሰው የሚያበላው ማሳ ባዶውን ቀረ። ታፋ ግንዱን ማን እንዳመጣው አልተናገሩም፤ ሎሴ ራሷ ተናገረች።

ኃላፊው ከዋናው ቢሮ መጣ።

«ደብዳቤውን አንብበሻል?»

«አንብቤያለሁ።»

«ታዲያ ማን ነው ተቀበዪ ያለሽ?»

ሎሴ ወለሉን አየች። ፋሳይና ከጎኗ ተቀምጣለች፤ ጡረታ ለመውጣት አምስት ወር ቀርቷታል። እኔም የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር፤ እኔም አልተናገርኩም።

«ማንም» አለች ሎሴ።

የሙከራ ጊዜዋ ሳያልቅ አሰናበቷት።

በሦስተኛው ቀን ፋሳይና «ተቀበዪ ያልኳት እኔ ነኝ» የሚል ደብዳቤ ጽፋ አነበበችልኝ። «ሰኞ በጀልባ ተሻግሬ ራሴ ለዋናው ቢሮ አደርሰዋለሁ» አለች።

«ከዘገየሽ ቦታዋን ለሌላ ይሰጡታል» አልኳት።

ሰኞ ዘነበ። ሐሙስ ጉልበቴን አመመኝ አለች። በሚቀጥለው ሳምንት በሎሴ ወንበር ላይ ሌላ ባለሙያ ተቀመጠ። ደብዳቤው መሳቢያዋ ውስጥ ነው፤ ጀልባው በየቀኑ ይሄዳል።