ግዝት ያለበት ቤት

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጧፍ እየሸጠ ያደገ ሰው እንዴት ብሎ ያምናል? ተሳልሞ ሲወጣ እንባው የሚወርደው ሰውዬ፣ ሲገባ አንዷን ጧፍ ካልመረቅሽልኝ ብሎ ሲጨቃጨቀኝ የነበረው ያው ሰውዬ ነው። ስለዚህ ሜትርና ካሜራ የያዙ ሰዎች ቤታችንን ዞረው ዞረው ሲያዩት፣ ጎረቤቶቼ «ሊያድሱልን ነው» ብለው ሲደሰቱ፣ እኔ በሩን ዘጋሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ቤቱ የአባቴ ነው፤ ከእሳቸው በፊት ደግሞ የአባታቸው ነበር። በቀይ ድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ክብ፣ ባለ ፎቅ የላስታ ቤት ነው። ታች ከብት ያድራል፣ ላይ ሰው፤ ደረጃው በውጭ በኩል ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ከደረጃው አናት ቆመው የደብሩን ቅጥር ማየት ይችላሉ። ቤቱን የሚወዱት ግን በዚህ ብቻ አልነበረም። በየዓመቱ ለገና ከኮን አገር በእግራቸው የሚመጡ ተሳላሚዎች የሚያርፉት እኛ ዘንድ ነው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ ላሊበላ ውስጥ እንዲህ ያለ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ የዘር እንግዳ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። አባቴ ራሳቸው ገለባ ያነጥፉላቸዋል፣ እነሱም የገብስ በሶ ይዘውላቸው ይመጣሉ። ሲሸኟቸው ደጋግመው ይመርቋቸውና፣ ሲርቁባቸው ቤቱ ጠበበኝ ይሉ ነበር፤ ቤቱ የሚጠበው ሰው በሞላ ጊዜ መሆኑን ረስተው።

ያኔ ስብሰባ የማይጠራበት ሳምንት አልነበረም። የልማት ቡድን ሲባል፣ ግምገማ ሲባል፣ አንድ ቀን ደግሞ በእኛው ሰፈር ጉዳይ ተጠራን። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ነው የተባለ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንደበተ ለስላሳ መሐንዲስ ተነሥቶ አስረዳ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጥግ ያለነው ወደ አዲሱ ሰፈር እንዛወራለን፣ እዚያ የቆርቆሮ ቤት ይሰጠናል። ጥንታውያኑ የድንጋይ ቤቶች ግን ቅርስ ስለሆኑ አይፈርሱም፤ በራሳቸው ድንጋይና ጭቃ ይታደሳሉ። የእኛ ቤት አቅመ ደካማ ተሳላሚዎች የሚያድሩበት የሕዝብ ማረፊያ ይሆናል፤ ከጎኑ የውሃ ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ይሠራለታል።

ሰዉ አጨበጨበ። መሐንዲሱም «እኛ የእናንተን እንግዳ ተቀባይነት ነው የምናግዘው» አለ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ አላጨበጨብሁም።

ወደ ቤት ስንመለስ «አባ፣ ይሄ ሰው ቤቱን ሆቴል ሊያደርገው ነው» አልኋቸው።

«ምን አይተሽ?»

«ቤቱን ሊለኩ የመጡ ለት ከደረጃችን አናት ቆሞ ‹እንዴት ያለ እይታ ነው!› ሲል ሰምቼዋለሁ። እግሩን የቆሰለ ተሳላሚ እይታ ምን ይሠራለታል?»

አባቴ ያን ቀን ምሳቸውን ሳይነኩት ቀሩ፤ ጥርጣሬዬ እንደተጋባባቸው በዚህ አወቅሁ።

ቤቱን በምናስረክብበት ዕለት ዕቃችን በአህያ ተጭኖ ሄዷል። የቀበሌው ሰው፣ መሐንዲሱና ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አባቴ ቁልፉን በግራ እጃቸው እንደያዙ በቀኝ እጃቸው መስቀላቸውን አወጡ። እባርካለሁ ሊሉ ነው ብሎ ሁሉም አንገቱን ደፋ።

«በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ!» አሉ። «ከእኔ ልጆች በቀር በዚህ ጣራ ሥር ያደረ ውግዝ ይሁን!»

ሴቶቹ አማተቡ። የቀበሌው ሰው ቁልፉን ሊቀበል የዘረጋውን እጅ መልሶ ሰበሰበ። በእኛ አገር የቄስ ግዝት ቀልድ አይደለም፤ የተገዘተበት መሬት ሣሩ ሳይታጨድ ይደርቃል። መሐንዲሱ ብቻ ምንም እንዳልሰማ ፈገግ ብሎ ቁልፉን ተቀበለ። እኔ ደስ አለኝ። ሆቴል ማድረግ ነው የፈለጉት? ያድርጉት፤ ማን ሊያድርበት! አባቴ በቁጣ ሲናገሩ ቃላቸውን አይመጥኑም፣ የዚያን ሰዓት ደግሞ ሐሳባቸው ሁሉ ቤቱን ሆቴል ሊያደርግ ይመጣል ባልነው ባለገንዘብ ላይ ነበር። ስለ ኮን ሰዎች ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም።

ሥራው ተጀመረ። ግንበኞቹ የብልባላ ሰዎች ናቸው፤ ቀኑን ሲሠሩ ይውሉና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዕቃቸውን ሰብስበው ሌላ ሰፈር ሄደው ያድራሉ። ዘበኛው ከፊት ለፊት በላስቲክ ዳስ ውስጥ ተኮራምቶ ይጠብቃል እንጂ በረዶ ቢወርድበት እንኳ ደፉን አያልፍም። እኔም ጧፌን ሸጬ ስጨርስ ሰበብ እየፈለግሁ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ሲሚንቶ ደብቀው ይሆናል ብዬ የአፈር ክምራቸውን በእጄ ፈትሻለሁ። አላገኘሁም። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው፣ አሰንብተው ነው የሚመርጉት። ድንጋዩን ሲያነሡም ምልክት አድርገውበት ወደየቦታው ይመልሱታል። ክዳኑ በአዲስ ሣር ተከደነ፣ ቧንቧው ተዘረጋ፣ ቤቱ አማረ። ማማሩ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። ለደካማ ተሳላሚ እንዲህ የሚጨነቅ ባለሥልጣን በዕድሜዬ አጋጥሞኝ አያውቅም።

በኅዳር የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ከመሐንዲሱ ጋር መጣ። ደረጃውን ወጡ፣ ገቡ፣ ወጡ። ሰውዬው እጁን ወዲህና ወዲያ እየዘረጋ፣ አልጋ የሚያስገባ ይመስል፣ ጥጋጥጉን ያሳያል። መሐንዲሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሺ ይበለው እምቢ ይበለው ከሩቅ አይለይም። ከሄዱ በኋላ ዘበኛውን ያዝሁት።

«ማነው ሰውዬው?»

«ባለሆቴል ነው አሉ። ቤቱ ለኪራይ ይወጣል የሚል ወሬ ሰምቶ ነው የመጣው።»

«እና?»

«እናማ ሲወርድ ጠብቄ ግዝቱን ነገርሁት። ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ ብታዪው! ገብርኤልን፣ ሁለተኛ አይመለስም።»

ወደ አዲሱ ሰፈር የሄድሁት በሩጫ ነው። አባቴ ወሬውን ሲሰሙ፣ ከተዛወርን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ልክ ነበርሽ» አሉኝ። አባቴ ይህን ለማንም የሚሉ ሰው አልነበሩምና ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትሁ።

ገና ደረሰ። በዋዜማው ከቀትር በኋላ የኮን ሰዎች መጡ። መዛወራችንን ስላልሰሙ እንደ ልማዳቸው ቀጥ ብለው ወደ ጥንቱ ቤት ሄዱ። መሐንዲሱ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ወለሉን አስጠርጎ፣ ሰሌን አስነጥፎ ኖሯል የጠበቃቸው። «ግቡ፣ ቤታችሁ ነው» ይላቸዋል። ሊገቡ ሲሉ አንዲት ጎረቤታችን ሮጣ ግዝቱን ነገረቻቸው። አንድ እግሩን አስገብቶ የነበረው እንኳ ወደ ኋላው ተመለሰ።

እኔ ስደርስ ሁሉም ከግድግዳው ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተደርድረዋል። የታኅሣሥ ነፋስ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ከተማው በተሳላሚ ስለሞላ ሌላ ማደሪያ አይታሰብም። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት እናት አሉ፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የሚመጡ ናቸው። የዚያን ዓመት ጉልበታቸው ስለከዳቸው ልጆቻቸው ደግፈው ነው ያደረሷቸው። በባዶ ድንጋይ ላይ ጋደም ብለው ይንቀጠቀጣሉ፤ የተከፈተው በር ከራስጌያቸው ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው አልሁ በልቤ።

አባቴ ተጠርተው መጡ። አሮጊቷን ሲያዩ እግራቸው ተገታ። መሐንዲሱ ቀረባቸውና «አባ፣ እባክዎ ይፍቱት። እርስዎ ካልሆኑ የሚፈታው የለም» አለ። እውነቱን ነው፤ የደብሩ ካህናትም የገዘተ ይፍታ ብለዋል።

እኔ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልሁ። «እንዳይፈቱት! ዛሬ ከፈቱት ባለሆቴሉ ነገ ይመለሳል። እኛ ቤት እንውሰዳቸው።»

«በዚያች በአንዲት ክፍል ቆርቆሮ ቤት? የአዲሱን ሰፈር አቀበትስ እሷ በምን ጉልበቷ ትወጣዋለች?»

«ይመለሳል እያልሁዎት ነው፣ አባ።»

«ይመለሳል» አሉ። «ልክ ነሽ። ይመለስ ይሆናል።» ከዚያ መሐንዲሱም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እኔ የገዘትሁት ባለሆቴሉን ነበር፤ የታሰሩት ግን እነዚህ ናቸው። እሷ ውጭ ከምታድር እሱ ውስጥ ይደር።»

መስቀላቸውን አውጥተው «የገዘትሁትን ፈትቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ። እኔ የማየው መሐንዲሱን ነበር። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ለተሳላሚዎቹ አዝኖ ነው ወይስ መንገዱ ስለተጠረገለት? እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ጠርጥሬ ልክ ሆኜ እንደዚያን ቀን የመረረኝ የለም።

ተሳላሚዎቹ ግን አልተነሡም። ሁሉም የሚያዩት አሮጊቷን ነው። አሮጊቷ ከተጋደሙበት ቀና ብለው አባቴን ትኩር አድርገው ተመለከቷቸው።

«አባ፣ ከልብዎ ነው? ከአፍ ብቻ የወጣ ‹ይፍታ› አይፈታም ይላሉ።»

አባቴ ቤቱን ወደ ላይ አዩት፤ አዲሱን ክዳን፣ የተመረገውን ግድግዳ፣ በመሐንዲሱ እጅ ያለውን ቁልፍ። እኔ አወቅኋቸው፤ ለመዋሸት አፋቸው እምቢ ብሏቸዋል።

«ሙሉ ለሙሉ አይደለም፣ እናቴ» አሉ። «አንቺ ግን ግቢ። ልቤ ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

«እንዲህ ካሉኝስ አምናለሁ» አሉ አሮጊቷ፣ እጃቸውንም ሰጡኝ። ደግፌ አስነሥቼ አስገባኋቸው፤ ሌሎቹም ተከተሉን። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ።