ፍሩዛን የማታውሰው ማማሰያ

በካሻን ከተማ የጽጌረዳ ውሃ ፋብሪካ ጥራት የምትቆጣጠረው ፍሩዛን ሚዛኗንም ብልቃጧንም ታውሳለች። ማማሰያዋን ግን ለማንም አትሰጥም፤ ከማንም አትቀበልም። ማማሰያዋ ብልቃጥ ውስጥ እየተሽከረከረ ፈሳሹን የሚያዋህድ፣ ነጭ ፕላስቲክ የለበሰ ትንሽ ማግኔት ነው።

ነገሩ የጀመረው በሌላ ከተማ ዶክትሬቷን ስትሠራ ነው። ሌሎች ፓላዲየም በሚባል ውድ ማዕድን የሚያጣምሯቸውን ሞለኪውሎች እሷ በብረት ዱቄት ታጣምር ነበር። ጥምረቱ ሲያልቅ ከብልቃጡ ውጭ ማግኔት ታስጠጋለች፤ ዱቄቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ፈሳሹን ትደፋና ዱቄቱን በአልኮል አጥባ መልሳ ትሠራበታለች። የዱቄቱ ኃይል አልቀነሰም።

«ፍሩዛን ጃን፣ ባልሽም እንዲህ የማይደክም ይሁን!» ትላት ነበር ጓደኛዋ ማኒዤ።

ማማሰያውን የሰጠቻት ማኒዤ ናት። ነጩ ጠቁሮ ፍሩዛን ልትለውጠው ስትል ግን እጇን ያዘቻት። «ገደኛ ነው፤ ዕድልሽን በእጅሽ አትጣይ።»

የመመረቂያዋ ቀን ሲቃረብ ማማሰያው ከእጇ አምልጦ የመታጠቢያው ቧንቧ ውስጥ ገባ። በአዲስ ማማሰያ ሞከረች፤ ዱቄቱ ምንም አልሠራም። ደገመች፤ ያው ነው። ቧንቧውን አስፈትታ አሮጌውን አወጣችና ዱቄት ሳትጨምር ለብቻው ከተተችው። ሞለኪውሎቹ እንደ ወትሮው ተጣመሩ።

ማኒዤን ደረጃው ላይ ሻይ ስትጠጣ አገኘቻት።

«በዚህ ማማሰያ ምን ሠርተሽበታል?»

«ፓላዲየም» አለች ማኒዤ ቀና ሳትል። «የፕላስቲኩ ጭረት ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ቢታጠብም አይለቅም፤ ሲያጣምርልሽ የኖረው እሱ ነው።»

«እጄን የያዝሽኝ ለዚህ ነው?»

«ስሰጥሽ አላወቅሁም፣ በነፍሴ! የገባኝ ስለ ዱቄቱ አብረን የጻፍነው ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ነው። ለመምህርነት የተወዳደርኩት በሱ ነው እኮ። ዝም ካልሽ አንቺም ትመረቂያለሽ፣ እኔም እቀጠራለሁ። ማን ይጎዳል?»

«በዱቄቴ ስኩራራ እያየሽ ትስቂ ነበር።»

«አልሳቅሁም» አለች ማኒዤ፤ ሻይዋን ግን አልተወችም።

ፍሩዛን ማማሰያውን ይዛ ኡስታድ የሚሉት መምህሯ ዘንድ ገባች። ጽሑፉ ይሰረዝ አለች፤ ምረቃዋም ቀረ። ኡስታዱ ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቃት «ከመሳቢያ ያገኘሁት ነው» አለችው። የጓደኛዋን ስም አላነሳችም።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ኡስታዱ ማኒዤንም ጠርቶ ጠየቃት።

«ምን ላድርግ ኡስታድ» አለችው፤ «ዕቃ በደንብ እጠቢ ብዬ ስንቴ መከርኳት።»

ጥፋቱ ሁሉ በፍሩዛን ተቆጠረ፤ ማኒዤ ተቀጠረች። ፍሩዛን ወደ ካሻን ተመለሰች።